ቁልፉን ሳስረክብ

ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፉ ከኪሴ ነበረ፣
የፓምፑ ቤት ቁልፍ፣ ገበሩን እየሰረሰረ።
የካ አባዶ ጥግ፣ አስፋልት የሚያልቅበት፣
ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ ጅብ የሚጮህበት፣
ውሃ ሐሙስ ሌሊት ብቻ የሚመጣበት።

«ጋሽ ወርዶፋ» ይሉኛል ከአራተኛ ፎቅ ሆነው፣
ጄሪካን አንጠልጥለው፣ ድምፃቸውን አለዝበው።
እኔም ድሮ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩና
የቧንቧ ጠባይ አውቃለሁ፤ የሰው ግን ገና።

አልዋሽም፦
ሰላም ላለኝ ደረጃ ቀድሜ ከፈትኩ፣
ላልተመቸኝ ደግሞ «መብራት የለም» አልኩ።
ስርቆት አይባልም፣ ሳንቲም አልነካሁም፤
የማን ውሃ እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

ምድር ቤት የሚኖረው ሙሳኢድ ባለሱቁ፣
አባቱ ከየመን ተሻግረው እዚህ የዘለቁ፣
እሱ እዚሁ ተወልዶ አማርኛው ከኔ የጠራ፣
ወረቀት ላይ ግን ዛሬም በእንግዳ ስም የሚጠራ፣
መጣ አንድ ማታ የዜግነት ፎርም ሞልቶ፣
ሕገ መንግሥቱን በስኳር ወረቀት ለብጦ አምጥቶ።
«ይጠይቁኛል አሉ፤ አስጠናኝ ጋሽ ወርዶፋ፣
አንተ ኮሚቴ ነህ፣ ይህ ካንተ አይጠፋ።»

ጉሮሮ ጠርጌ፣ ድምፅ አወፍሬ፣
እንደ ዜና አንባቢ ወንበር ላይ ከብሬ፣
«ሥልጣን የሕዝብ ነው» አልኩት፤ «የሾመ ያወርዳል፤
ሹም የያዘው አደራ ነው፤ ሲጠየቅ ይመልሳል።»
ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አቆየና
«ታዲያ ቁልፉ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና።

ሻይ ፈልቷል ብዬ ተነሳሁ።

በሳምንቱ ትርሲት፣ የሦስተኛ ፎቋ ልጅ፣
በጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ የሻከረ እጅ፣
«ምርጫ ይደረግ» አለች፤ ደረሰኝ ጠየቀችኝ፤
ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እኔን ግን በረደኝ።

የዕድር ወንበር ወጣ፣ ግማሹ እግሩ የተሰበረ፤
ክርክሩም እንደ ወንበሩ ይንገዳገድ ነበረ።
«ተከራይ ድምፅ የለውም!» ባለካርታው ሲቆጣ፣
«ውሃ ሲጠፋ» አለች ተከራይዋ፣ «ያንተን ካርታ ልጠጣ?»
ሳቅ ሆነ፤ ተፈቀደ።

እኔ «እጅ ይውጣ» አልኩ። በዓይኔ ልቆጥር ነው፣
ማን ከኔ፣ ማን ከሷ፤ ሐሙስ ላስታውሰው።
አሥራ ስምንት የሞላው ኪሩቤል ግን ከኋላ
«በወረቀት» አለ፣ «ማንም ማንንም እንዳይጠላ።»

የፓስታ ካርቶን መጣ፣ አናቱ ተቀደደ፤
ሰልፉ እስከ ባጃጆቹ ማቆሚያ ወረደ።
ቆጣሪ ማን ይሁን? ሁሉም ወገን አለው።
«አገር ሳትመርጠኝ አልመርጥም» ብሎ ከጥግ የቆመው
ሙሳኢድ ተመረጠ።

እያንዳንዷን ወረቀት ወደ ፀሐይ አንስቶ፣
እንደ ሐሰተኛ ብር ፊትና ጀርባዋን አይቶ፣
ለኔ ሃያ ዘጠኝ። ለትርሲት ሠላሳ አንድ።
አንዷ ላይ ግን፦ «ሁለታችሁም ደህና ናችሁ፤ ውሃው ብቻ ይውረድ።»
«የማንም አይደለችም» ብሎ ለብቻዋ አኖራት፤
እኔ ግን ዓይኔን ጣልኩባት።

ሁለት ድምፅ! «ይቆጠር ዳግመኛ» ብዬ ጮህኩ፤
ያስጠናሁበትን ውለታ በዓይኔ አስታወስኩ።
ቆጠረ። ያው ሃያ ዘጠኝ፣ ያው ሠላሳ አንድ።
ዓይኑን አልሰበረም፤ እጁ ብቻ ሲርድ።

ያኔ ገባኝ አልልም፤ ተናድጄ ነበር፣
ቁልፉን ከቀለበቱ ስፈለቅቅ ጥፍሬ እስኪሰበር።
«ይፈርሙ» አለች ትርሲት ደብተሯን ዘርግታ፣
«ቁልፍ አንድ፣ መፍቻ ሁለት» ብላ በጽሑፍ አስገብታ።
«የሂሳቡን ነገር ሐሙስ» አለችኝ በሰው ፊት፤
ከቁልፉ ይልቅ ያቺ ቃል ነሳችኝ እንቅልፍ ሌሊት።

ሐሙስ ሂሳብ አሳየሁ፤ አራት መቶ ብር ጎደለ፤
ከጡረታዬ ሞላሁት። ማንም ሌባ አላለ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ተራዬ አሥራ አራት፣
ቢጫ ጄሪካኔን ይዤ ቆምኩ እንደ ማንም ጎረቤት።
ኪሴ ቀሏል፤ እጄ ግን በልማድ ይዳብሰዋል፤
ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር እንደ ሽማግሌ ያስለዋል።

ሙሳኢድ ከኋላዬ፦ «ሰኞ ቀጠሮዬ ደረሰ፤
ዜጋ ምን ያውቃል ቢሉኝስ?» አለ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ።
«ተራ መጠበቅ» አልኩት፣ «ሲያልቅም መልቀቅ።»
ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነው።
«መጠበቁንስ አሥራ አንድ ዓመት ለምጄዋለሁ፤
መልቀቁን» አለኝ፣ «ሰሞኑን ካንተ አይቻለሁ።»

ውሃው መጣ።
ትርሲት በስልኳ መብራት ስም ትጠራለች፤
የኔን ዘለለችው መሰለኝ—
አይ፣ ገና ሰባተኛው ላይ ናት ያለች።